«በኮታ የገባ ነው» ለምትሉ ልጆቼ

ህንድ የሚማር የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ደወለልኝ። ስለ ትምህርቱ ስጠይቀው «ጋሼ፣ እዚህ እኮ ግማሹ በኮታ የገባ ነው» አለኝ። በካስታቸው፣ ማለትም በትውልድ በሚወረስ ማኅበራዊ ደረጃ፣ ለተገፉ ወገኖች የሚያዘውን የኮሌጅና የመንግሥት ሥራ ቦታ ማለቱ ነው። ከማን እንደሰማው ገብቶኛል፤ እኔም በዕድሜው እንደሱ ብዬ ነበር። ስለዚህ ለእሱም ለእናንተም ይህችን ልጻፍ።

ዴልሂ የሄድኩት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲቪል ኢንጂነሪንግ ለመማር ነው። የገቡ ተማሪዎች ስም ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ከአንዳንዱ ስም ጎን «ኤስ ሲ» የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ፤ ሲነኩ ያረክሳሉ ተብለው ድሮ «አይነኬ» ይባሉ ከነበሩት፣ ዛሬ ዳሊት ከሚባሉት ካስቶች ነው ማለት ነው። እኔ ምንም አልመሰለኝም፣ ሌሎቹ ግን በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡ ነበር። ፊደላቱ አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ ስም ጎንም ነበሩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎበዝ ይሁን ሰነፍ የጠየቀ የለም፣ በቃ «ኮታ» ሆኖ ቀረ።

በዓመቱ፣ በ1990 ኦገስት ላይ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ቪ.ፒ. ሲንግ ከማዕከላዊ መንግሥት የሥራ ቦታዎች 27 በመቶው በማኅበራዊ ኑሮና በትምህርት ወደኋላ ለቀሩ ካስቶች ይያዛል አሉ። ከተማው ታመሰ። ራሳቸው ላይ እሳት የለኮሱ ተማሪዎች ነበሩ። አንድ ጠዋት መስቀለኛ መንገድ ላይ የክፍላችን ልጆች ብሩሽ ይዘው ጫማ ይጠርጋሉ፣ ሌሎቹ መጥረጊያ ይዘው አስፋልት ይጠርጋሉ። ከእንግዲህ ለእኛ የቀረልን ሥራ ይሄ ነው ማለታቸው ነው። እኔም አዝኜላቸው አብሬያቸው ቆሜ ነበር። ዞር ስል ያ አብሮኝ የሚቀመጠው ጓደኛዬ መጥረጊያውን ያያል። እናቱ መንገድ ጠራጊ ነበረች፣ አያቱም እንደዚያው። ምንም አልተናገረም። ቦርሳውን አንስቶ ሄደ።

ያ 27 በመቶ የእሱን ወገኖች እንኳ አይመለከትም ነበር! ለዳሊቶች 15 በመቶ፣ ለጎሳ ማኅበረሰቦች ደግሞ 7.5 በመቶ ቀድሞም ተይዞ ነበር። ንዴቱ ግን እሱም ላይ አረፈ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ የዳሊቶችን መሪ አምቤድካርን እወቁ። በ1891 «አይነኬ» ከሚባል ቤተሰብ ተወለደ። ትምህርት ቤት የሚቀመጥበትን ጆንያ ከቤቱ ይዞ ይሄድ ነበር። የውሃውን ቧንቧ መንካት አይፈቀድለትም፤ ተላላኪው ከፍቶ ካላጠጣው ጠምቶት ይውላል። ይህ ልጅ አሜሪካ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲና ለንደን ተምሮ ሲመለስ፣ በ1927 ማሃድ በምትባል ከተማ ብዙ ሺህ ሰው አስከትሎ ከሕዝብ ኩሬ ውሃ ጠጣ። ኩሬው ረከሰ ብለው በላም እበትና ሽንት «አነጹት»። እበቱ ያነጻል፣ የሰው እጅ ያረክሳል። ሕገ መንግሥቱን ያረቀቀውን ኮሚቴ የመራው በኋላ ይኸው ሰው ነው። አንቀጽ 17 አይነኬነትን ሻረ። ኮታውም የመጣው ከዚህ ትግል ነው፤ ማንም በችሮታ የሰጠው አይደለም።

«ችሎታስ?» ትሉኛላችሁ። እኔም ብያለሁ። በዚያው ዘመን ካርናታካና ማሃራሽትራ በሚባሉ የህንድ ክልሎች ውስጥ «ዶኔሽን» እየተባለ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የኮሌጅ ቦታ የሚገዛ ሞልቶ ነበር። እሱን በምን ነጥብ ገባህ ብሎ ያፋጠጠ አልሰማሁም። ችሎታ ትዝ የሚላቸው የጠራጊዋ ልጅ ሲገባ ብቻ ነው።

እንከን የለውም አልላችሁም። የግሉ ዘርፍ ሥራ በአብዛኛው ከኮታው ውጭ ነው። ከዳሊቶችም መሃል ቀድሞ የተማረው ክፍል ብዙውን ቦታ ይወስዳል የሚል ክርክር አለ፤ በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክልሎች ኮታውን ይበልጥ ለተጎዱት ከፋፍለው መስጠት ይችላሉ ብሏል። ክርስትና ወይም እስልምና የተቀበለ ዳሊት ከ15 በመቶው አይቆጠርም፣ ጎረቤቱ ግን ያው ድሮ እንደሚያየው ነው የሚያየው። የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚሞተውም እስከዛሬ በብዛት ዳሊት ነው። እነዚህን አንስታችሁ ተከራከሩ፣ ደስ ይለኛል። «በኮታ የገባ» ብላችሁ ሰው ላይ አትለጥፉ እንጂ።

የነሱ ጉድ ነው ብላችሁም አትለፉት። አጼ ምኒልክ ብረት ሠሪውን ጠይብ እያላችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ ያስነገሩት እኛው አገር ነው። ልጅ ሳለሁ ሸክላ ሠሪዋ ማሰሮ ይዛ ስትመጣ አያቴ ከደጅ ታስቆማታለች። ሴትየዋ ማሰሮውን መሬት ታስቀምጣለች፣ አያቴ ብሩን እዚያው መሬት ላይ ታደርጋለች፤ እጅ ለእጅ አይነካኩም። በዚያ ማሰሮ የተሠራ ወጥ ግን በልተናል። ይህን ለጓደኛዬ የነገርኩት በሦስተኛው ዓመት ነው፣ አፍሬ። ብዙ ዝም አለና «ቡዳ ትሏቸዋላችሁ?» አለኝ። ቃሉን ከየት እንዳወቀው አላውቅም፣ ምናልባት ከእኛው ልጆች ሰምቶ ይሆናል። «አዎ» አልኩት።

ህንድ የምትሄዱ ልጆች፣ ኤፕሪል 14 የአምቤድካር ልደት ነው። የዚያን ቀን ዶርም አትዋሉ። ዴልሂ ከሆናችሁ ፓርላማ ስትሪት ውረዱ፤ ሰማያዊ ባንዲራ ታያላችሁ፣ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ድንኳን ጥለው ለመንገደኛ ውሃ የሚያድሉ ሰዎች ታገኛላችሁ። ከእጃቸው ተቀብላችሁ ጠጡ።