ጥያቄና መልስ፦ ከጓደኞቼ ጋር ልቁረብ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው የአሜሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እሑድ ማታ የዶርም ጓደኞቼ ቅዳሴ ይሄዳሉ፤ እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ። ሁሉም ተሰልፈው ሲቆርቡ እኔ ብቻዬን ወንበር ላይ እቀራለሁ። አንዷ «የእኛ ሕግ እኮ ኦርቶዶክስን አይከለክልም» አለችኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ይርቀኛል፣ መኪና የለኝም። እዚያው ብቆርብ ምን ችግር አለው? እናቴ ደግሞ «መጀመሪያውንም እዚያ መግባትሽ ነው ጥፋቱ» ትለኛለች።

መልስ፦ ልጄ፣ ከእናትሽ ልጀምር። እዚያ መማርሽ ጥፋት አይደለም። ግን አትቀየሚያት፤ ፍርሃቷ ከሜዳ የመጣ አይደለም። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው በነበረበት ዘመን በሃይማኖት ምክንያት ብዙ ደም ፈስሷል። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ከተባለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1632 ወዲህ፣ አራት መቶ ዓመት ሊሞላ ነው። በየቤታችን ግን ዛሬም ይሰማል። ያንቺ መምህራን የዚያ ዘመን ሰዎች እንዳልሆኑ ቀስ ብለሽ ንገሪያት። ግእዝ የሚማሩበት ክፍል እንዳለም ንገሪያት፤ ደስ ይላታል። ዳንኤልም በባቢሎን የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ተምሯል። የነገረ መለኮት ኮርሱንም በደንብ ተማሪ። እኛና እነርሱ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ስለተለያየንበት ስለ ኬልቄዶን ጉባኤ ሲነሳ ስለ እኛ የተሳሳተ ነገር ከሰማሽ እጅሽን አውጥተሽ ስለ ተዋሕዶ በትሕትና ተናገሪ።

አሁን ወደ ቁርባኑ። ጓደኛሽ አልዋሸችሽም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የቀኖና ሕጋቸው፣ ቁጥር 844፣ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ምእመን ፈልጎ ከጠየቀና ከተዘጋጀ እንዲቀበል ይፈቅዳል። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ በቅዳሴ መጽሐፎቻቸው ላይ የሚታተመውን ማሳሰቢያ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ኦርቶዶክሳውያን የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዲያከብሩ ይመክራል። እነርሱ ራሳቸው ወደ እናት ቤተ ክርስቲያንሽ እየመለሱሽ ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አትፈቅድም።

ለምን? ቁርባን የእንግዳ መስተንግዶ ስላልሆነ ነው። ቡና ቢያፈሉልሽ ጠጪ፣ ቢጋብዙሽ ብዪ። ቁርባን ግን «በዚህች እምነት ከእናንተ ጋር አንድ ነኝ» የሚል ምስክርነት ነው። ሐዋርያው «አንድ እንጀራ ስለ ሆነ፥ እኛ ብዙዎች ስንሆን አንድ ሥጋ ነን» ይላል። ያ አንድነት በእኛና በእነርሱ መካከል ገና አልተፈጸመም። እንዲፈጸም እንጸልያለን። እስከዚያው እንደተፈጸመ አድርገን መኖር አንችልም። ስለዚህ አትቁረቢ። ይህን በግልጽ ነው የምነግርሽ።

ግን እዚህ ላይ ባቆም በደልኩሽ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በራስሽ ቤተ ክርስቲያን ለመጨረሻ ጊዜ የቆረብሽው መቼ ነው?

ይህን ጥያቄ ለስንት ወጣት አቅርቤአለሁ! መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ልጅ እያለሁ።» በ80 ቀንሽ ክርስትና ስትነሺ ቆርበሻል። ከዚያ እናትሽ ነጠላ አልብሳ እየወሰደችሽ ቆርበሻል። ሰባት፣ ስምንት ዓመት ሲሆንሽ ቀረ። ማንም አልከለከለሽም፣ ዝም ብሎ ቀረ። ከዚያ በኋላ «ሳገባ በቁርባን እጋባለሁ» ወይም «ስሸመግል» ይባላል። ቅዳሴያችንን ተመልከቺ። ሕፃናት ታቅፈው ይመጣሉ፣ አረጋውያን ተደግፈው ይመጣሉ። መካከሉ ባዶ ነው። ያንቺ ዕድሜ እኩዮች ለቁርባን ሲሰለፉ መጀመሪያ ያየሽው እዚያ ግቢ ውስጥ መሆኑ ያመኛል። ወንበር ላይ የተሰማሽ ረሃብ እውነተኛ ረሃብ ነው። ጥፋቱም ያንቺ ብቻ አይደለም። እኛ መምህራን «ተጠንቀቁ» ያልነው «አትቅረቡ» ተብሎ ሲሰማ ዝም ብለናል።

ካህኑ «ንጹሕ ያልሆነ አይቀበል» ሲል ወጣቱ ሁሉ ልቡ ወደ ኋላ ይሸሻል። «እኔ ዶርም ውስጥ እየኖርኩ እንዴት ንጹሕ እሆናለሁ?» ይላል። ልጄ፣ ንጽሕና በንስሐ ነው የሚገኘው፣ በዕድሜ አይደለም። ስልሳ ዓመት የሞላው ሁሉ አልነጻም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ደግመሽ አንብቢ፦ «ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ።» ራሱን ይፈትንና ይቅር አላለም። ይብላ፣ ይጠጣ ነው ያለው። ፈተናው ለመቅረብ ነው። ጌታም «የሰውን ልጅ ሥጋ ካልበላችሁ ደሙንም ካልጠጣችሁ በራሳችሁ ሕይወት የላችሁም» ሲል የዕድሜ ገደብ አላወጣም። ሀያ ዓመት ላይ ያለ ሰው ሕይወት አያስፈልገውም? እንዲያውም ፈተናው የሚበረታው በዚህ ዕድሜ አይደለም ወይ? ቤተሰብ ራቅ ሲል፣ ሌሊቱ ሲረዝም፣ ብቸኝነቱ ሲመጣ?

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ንስሐ አባት ያዢ። እናትሽ አገር ቤት ያሉትን አባት በስልክ አገናኝታሽ ከሆነ፣ አክብሪያቸው፤ ግን ቅርብሽ ሆነው የሚያዩሽ አባት ያስፈልጉሻል። አማርኛሽ ለኑዛዜ አይበቃኝም ብለሽ አትፈሪ፤ እንግሊዝኛ የሚሰሙ ካህናት ዛሬ አሉ። በምትችዪው ቋንቋ ንገሪያቸው። ከዚያ እርሳቸው የሚሉሽን ፈጽሚና በሚወስኑልሽ እሑድ ቅረቢ።

ርቀቱን በተመለከተ፣ ብሩክላንድ ላይ ባቡሩ ከግቢያችሁ ደጅ ነው። ቀዩ መስመር በሦስት ጣቢያ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደርስሻል። እዚያ ከደረስሽ የእኛ ሰው ሞልቷል። ለሌሊቱ ኪዳን ባቡሩ ካልደረሰልሽ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ደውዪ። «አንዲት ተማሪ መቁረብ ፈልጋ መኪና አጣች» ሲባል ዝም የሚል ደብር አላውቅም። ስለ ጾሙም አንድ ነገር ልብ በይ። የእነርሱ የሁዳዴ ዓርብ ሥጋን እንጂ አይብን አይከለክልም፤ ካፍቴሪያው «ጾም ነው» ቢልሽ ሳህኑን እዪ።

ጓደኞችሽን አትሽሺያቸው። ሲሰለፉ ለምን እንደቀረሽ ከጠየቁሽ እውነቱን ንገሪያቸው። እሑድ ማታ ግን የሳምንቱ ቅዳሴሽ እንዳይሆን፤ ጠዋት ቀድመሽ ቤትሽ ተገኚ። ንስሐ አባት ስታገኚ ጻፊልኝ። የሚወስድሽ ሰው ካጣሽም ጻፊልኝ።