የማድረሻው ገንዘብስ? ኦንላይን ገዝተው ዕቃ ለሚመልሱ ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ላይ ከቴሌግራም ሱቅ መግዛት የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል። ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣል፣ ከመናኸሪያ ሞተረኛ ያደርሰዋል። ዕቃው ሳይሆን ሲቀር ስለ ዋጋው እንከራከራለን፤ የማድረሻው ብር ግን ብዙ ጊዜ ተረስቶ ይቀራል። ሊቀር አይገባም። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እንዲህ መልሻለሁ።

ከሽምብጥ፦ በቴሌግራም ብሌንደር ገዛሁ። ለዕቃው 2,800፣ ለማድረሻ 250 ብር ከፈልኩ። ገና ስሰካው አልሠራም አለ። ሻጩ «የዕቃውን እመልሳለሁ፣ ማድረሻው ግን እኔ ኪስ አልገባም፤ መመለሻውንም አንቺ ቻይ» አለኝ።

እህቴ፣ በዋጋው እንጀምር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል ይላል። ስለዚህ ዋጋውን መመለሱ ውለታ አይደለም፣ ግዴታው ነው።

አሁን ወደ 250ው ብር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1815 መሠረት ውል ሲፈርስ ሁለቱም ወገኖች በተቻለ መጠን ውሉ ባይኖር ኖሮ ወደሚገኙበት ቦታ መመለስ አለባቸው። አንቺ ያን ብሌንደር ባትገዢ ኖሮ 250 ብር ታወጪ ነበር? አታወጪም። ገንዘቡ የሻጩ ኪስ ገባም አልገባም፣ በከንቱ የወጣብሽ እሱ በላከው ብልሹ ዕቃ ምክንያት ነው። መመለሻውም እንደዚያው። እኔ በበኩሌ ሁለቱንም ጠይቂ ነው የምልሽ፤ ዋጋውን ብቻ ተቀብለሽ ዝም አትበይ።

በስልክ ግን አትጨቃጨቂ። ዛሬውኑ በጽሑፍ ላኪለት፦ መቼ እንደደረሰሽ፣ ምን እንደሆነ፣ ስንት ብር እንደምትጠይቂ። ስትሰኪውና አልሠራም ሲል የሚያሳይ ቪዲዮ ጨምሪበት። የመመለሻውን ሒሳብ ማን እንደሚችል በጽሑፍ ሳይመልስልሽ ዕቃውን አውቶቡስ ላይ አትጫኚ። ከእጅሽ ከወጣ በኋላ መደራደሪያ የለሽም።

የፔዳ ተማሪ ነኝ። 42 ቁጥር ጫማ አዘዝኩ፣ 42 መጣልኝ፣ ግን ጠበበኝ። ማድረሻዬን አገኛለሁ?

ወንድሜ፣ ያንተ ነገር ይለያል። የ15 ቀኑ መብት የጉድለት ነው፤ ያዘዝከው ጫማ ሳይበላሽ መጥቶ ከጠበበህ ጉድለት ለማለት ይከብዳል። እዚህ ላይ የሚወስነው ከመክፈልህ በፊት የተነጋገራችሁት ነው። ቻናሉ ላይ «ልክ ካልሆነ እንቀይራለን» የሚል ተጽፎ ከሆነ ስክሪንሾት አድርገው። ከሌለ በትሕትና ጠይቅ፤ ደንበኛ ላለማጣት ብለው የሚቀይሩ አሉ። ለወደፊቱ ግን «ካልሆነኝ የመመለሻውን ማን ይችላል?» ብለህ ከመክፈልህ በፊት ጠይቅ። ጫማው ላይ 42 ተብሎ ውስጡ 41 ከሆነ ግን ያዘዝከው አልመጣልህም ማለት ነው፤ የላይኛውን መልስ አንብብ።

ከአባይ ማዶ፦ ልጄ ለንደን ናት። ኦንላይን ካፖርት ገዝታልኝ በሰው ልትልክልኝ ነው። ካልሆነኝ መመለስ ይቻላል? የማድረሻውስ ገንዘብ?

እናቴ፣ በእንግሊዝ አገር ሕጉ ለሸማቹ በጣም ያደላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ደንብ ኦንላይን የገዛ ሰው ዕቃው በደረሰው በ14 ቀን ውስጥ ምንም ምክንያት ሳይሰጥ ግዢውን መሰረዝ ይችላል። ካሳወቀ በኋላ ዕቃውን ለመላክ ሌላ 14 ቀን አለው። ሻጩ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን መጀመሪያ የተከፈለውን መደበኛ ማድረሻም ይመልሳል። ልጅዎ ቶሎ ይድረስልኝ ብላ ተጨማሪ ከፍላ ከሆነ ጭማሪው አይመለስም። የመመለሻውን ፖስታ የምትችለው እሷ ናት፤ ሻጩ ይህን አስቀድሞ ካልነገራት ግን እሱ ይችላል። ካፖርቱ በልክ ታዝዞ የተሰፋ ከሆነ ይህ የመሰረዝ መብት የለም።

ጭንቁ ቀኑ ነው። 14ቱ ቀን የሚቆጠረው ካፖርቱ ለንደን ልጅዎ እጅ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ነው። መንገደኛ እስኪገኝ፣ ባሕር ዳር እስኪደርስ ጊዜው ያልፋል። ልክዎን አሁኑኑ በሜትር ለክተው ይላኩላትና እዚያው ትወስን።

ወንድሜ ጀርመን ነው። እዚያስ እንደዚሁ ነው?

አዎ፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም 14 ቀን ነው። እንዲያውም የማድረሻው ጉዳይ የጠራው ከጀርመን በሄደ ክስ ነው። አንድ በካታሎግ የሚሸጥ ድርጅት ደንበኛው ዕቃውን ቢመልስም 4.95 ዩሮ የማድረሻ ክፍያ ያስቀር ነበር። የሸማቾች ማኅበር ከሰሰው። የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2010 ግዢውን የሰረዘ ሸማች የመጀመሪያውን ማድረሻ ሊጫንበት አይገባም ሲል ወሰነ። ለአምስት ዩሮ እንኳን ለማይሞላ ገንዘብ እዚያ ድረስ መሄዳቸው ደስ ይለኛል። ትንሽ ናት የምትባለው ብር በብዙ ሺህ ደንበኛ ስትባዛ ትንሽ አይደለችም።

አሜሪካስ?

ኦንላይን የተገዛን ደህና ዕቃ ሐሳቤን ቀየርኩ ብሎ የመመለስ አጠቃላይ የፌዴራል መብት የለም። የሱቁን የመመለሻ ደንብ አንብቡ።

እኔ ሻጭ ነኝ፣ የሀበሻ ቀሚስ በልክ አሰፋለሁ። «ቀለሙን አልወደድኩትም» ብለው ማድረሻውን ጭምር ይጠይቁኛል።

ጥያቄሽ ተገቢ ነው። በልክ የተሰፋን ለሌላ ሰው መሸጥ ይከብዳል። ነገር ግን ይህን ከቀብድ በፊት ጻፊው። ጨርቁን በቀን ብርሃን ፎቶ አንሥተሽ አሳዪ፣ «ቀለሙን አይቻለሁ» የሚል መልስ ተቀበይ። ስፌቱ ከተበላሸ ግን ቀሚሱም ማድረሻውም ያንቺ ዕዳ ነው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ ከአዋጁ በላይ አይሆንም።

ደረሰኝ አልሰጡኝም። በምን ላስረዳ?

ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ ነው፣ ጠይቅ። እስከዚያው የቴሌብር መልእክትህን፣ የቴሌግራም ንግግሩንና የአውቶቡስ መላኪያ ወረቀቱን አስቀምጥ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ይሰጣል። ሻጩ ንግግሩን ሊያጠፋው ስለሚችል ስክሪንሾቱን ዛሬ አንሣ፤ ስሙና ቀኑ ይታይ። እምቢ ካለህ እነዚህን አትመህ በክፍለ ከተማህ ወዳለው የንግድ ጽሕፈት ቤት ሂድ። ማመልከቻህ ላይ ዋጋውን በአንድ መስመር፣ ማድረሻውን በሌላ መስመር ለይተህ ጻፍ።