ቶሎ እጅ የሚሰጥ ልጅ፦ የወላጆች ጥያቄና መልስ

የ7 ዓመት ልጄ አንድ ስሌት ሲሳሳት ገጹን ቀዶ ያለቅሳል። ልሥራለት ወይስ ልተወው?

ሁለቱም አያዋጣም። እያለቀሰ ምክር ጆሮው አይገባም፤ አጠገቡ ቁጭ ብለው «አናደደህ አይደል?» ማለት ለጊዜው ይበቃል። ሲረጋጋ የት ላይ እንደተቸገረ በጣቱ ያሳይዎት። እገዛውን ከትንሹ ይጀምሩ፦ «ጥያቄው ምን ፈልግ ነው የሚለው?» ካልሆነ ፍንጭ ይስጡት። አሁንም ካልገባው ሌላ ተመሳሳይ ስሌት እያየ ይሥሩለት፤ የራሱን ግን ራሱ ይጨርስ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ስንቸኩል ነው፤ ልጁ ገና እያሰበ ዝምታው ያስጨንቀንና እርሳሱን እንቀማዋለን። ከመናገርዎ በፊት በልብዎ እስከ 10 ይቁጠሩ።

ልጄ ፈተና ሲበላሽባት «ደደብ ነኝ» ትላለች። «ጎበዝ ነሽ» ማለቴ ይጎዳታል?

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሙለርና ድዌክ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ «ብልህ ናችሁ» ተብለው የተመሰገኑ ልጆች ከባድ ጥያቄ ሲገጥማቸው ለጥረታቸው ከተመሰገኑት ያነሰ የመቀጠል ፍላጎት አሳይተዋል። «ጥረሻል» ብቻውንም ባዶ ነው፤ በማያዋጣ መንገድ የለፋችን ልጅ በዚያው ቀጥዪ እንደማለት ይሆናል። ወረቀቱን ይዘው የሳተቻቸውን አብረው ይለዩ፦ ያላጠናችው የትኛው ነው? እያወቀች የተቻኮለችበትስ? የመጀመሪያው ጥናት ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ከማስረከብ በፊት መልሶ ማየት። «ደደብ ነኝ» ያለችው ነገር «ክፍልፋይ መደመር አልገባኝም» ወደሚል ሲጠብብ መላ ይገኝለታል።

ልጄ ውሻ ስለሚፈራ መንገድ እንቀይራለን። ጥሩ ነው?

ዛሬን ያሳልፋል፣ ፍርሃቱን ግን ያጸናዋል፤ ሸሽቶ በተገላገለ ቁጥር «ያዳነኝ መሸሼ ነው» ብሎ ይማራል። በደረጃ ያለማምዱት፦ መጀመሪያ ሥዕል፣ ቀጥሎ በመስኮት ማየት፣ ከዚያ ከመንገድ ማዶ የታሰረ ውሻ፣ በመጨረሻ ባለቤቱ የያዘው ገራም ውሻ። ፍርሃቱን ከ0 እስከ 10 ራሱ ይስጠው፤ 7 ያለው ወደ 3 ሳይወርድ ወደ ቀጣዩ አይለፉ። ነገሩ የሚበላሸው ደረጃ ሲዘለል ወይም ጎትተን ስናቀርበው ነው። ከከበደው አንድ ደረጃ ዝቅ ይበሉ እንጂ አያቋርጡ።

ከባለቤቴ ተለያይተናል። ልጃችን ተጎድቶ ይቀራል?

የግድ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤሚ ወርነር በሃዋይ ካዋይ ደሴት በ1955 (እ.ኤ.አ.) የተወለዱ ልጆችን ለአሥርት ዓመታት ተከታትላለች። በብዙ ችግር ውስጥ ካደጉት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ደህና ሰው ሆነዋል፤ ከረዷቸው ነገሮች አንዱ ቢያንስ አንድ የማይለዋወጥ አዋቂ አጠገባቸው መኖሩ ነበር፤ አያትም ሆነ መምህር። ስለዚህ የመገናኛ ቀኑ አይዛነፍ፣ ልጁም በመካከላችሁ መልእክተኛ አይሁን።

ባለሙያ ጋ የምወስደው መቼ ነው?

እንቅልፉ፣ ምግቡ ወይም ትምህርቱ ከ2 ሳምንት በላይ ከተናጋ። «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ግን በዚያው ዕለት።