በአርቪ ከሁለት ውሾች ጋር ወደ ኦሪገን ዳርቻ፦ ከካምፑ በፊት የአሸዋውን ሕግ እዩ

ጠያቂያችን ያነሣችው ጉዳይ ይህ ነው፤ በኦገስት ወር በኪራይ አርቪ (መኝታና ማብሰያ ባለው መኪና) ከሲያትል ወደ ደቡብ ሊወርዱ አስበዋል። ልጆችና ሁለት ትልልቅ ውሾች አብረዋቸው አሉ። ማደሪያቸው ውቅያኖሱ አጠገብ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን «ውሻ ይፈቀዳል» የሚለው የካምፕ ዝርዝር በዝቶባቸው የቱን እንደሚመርጡ ግራ ገብቷቸዋል። እኔና ባለቤቴ ይህን መንገድ ከውሾቻችን ጋር ለዓመታት ስለተመላለስንበት ረዘም አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ «ውሻ ይፈቀዳል» የሚለውን ጽሑፍ በጥርጣሬ አንብቡት። የሚናገረው ስለ ካምፑ እንጂ ስለ አሸዋው አይደለም። ካምፑ ውሾቻችሁን ተቀብሎ፣ ትንሽ ወረድ ስትሉ ውሃው ዳር የክልከላ ምልክት ሊጠብቃችሁ ይችላል። በካሊፎርኒያ በብዙዎቹ የግዛቱ ባሕር ዳርቻ ፓርኮች የሚሆነው ይኸው ነው፤ ውሻው ካምፑ ውስጥ ያድራል፣ አሸዋውን ግን መርገጥ አይችልም። በእኛው በዋሽንግተን ግዛት ደግሞ የኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክ አለ። እዚያ ካላሎክ ላይ ውሻ አስሮ በዳርቻው መሄድ ይቻላል፤ ሪያልቶ ቢች ላይም እስከ ኤለን ክሪክ ድረስ ይፈቀዳል። ሰከንድ ቢች፣ ሰርድ ቢችና ሺ ሺ ግን ለውሻ ዝግ ናቸው። የካላሎክ ካምፕ ውቅያኖሱን ቁልቁል የሚያይ ገደል አናት ላይ ስለሆነ እይታው ወደር የለውም፤ የኤሌክትሪክና የውሃ መስመር ግን የለውም። አንድ ሌሊት በባትሪ ማደር ካልከበዳችሁ ሞክሩት።

ለሁለት ትልልቅ ውሾች ግን ኦሪገንን የሚያህል የለም። ምክንያቱም ዳርቻው የሕዝብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በገዥው ኦስዋልድ ዌስት ዘመን ዳርቻው የሕዝብ መንገድ ተብሎ ታወጀ፤ በ1967 ደግሞ ገዥው ቶም ማኮል የፈረሙት ሕግ ሕዝቡ ደረቁን አሸዋ እስከ ሣሩ መስመር ድረስ የመጠቀም መብቱን አጸናለት። ሆቴል ከፊት ለፊቱ ያለውን አሸዋ አጥሮ «የግል» ማለት አይችልም። ለእናንተ ይህ ምን ይጠቅማል ብትሉ፣ በየከተማው የሚለዋወጥ ደንብ ሳያስጨንቃችሁ አብዛኛው ዳርቻ በአንድ ዓይነት ሕግ ይተዳደራል። ውሻው በድምፅ የሚታዘዝ ከሆነ፣ ከዓይናችሁ ካልራቀና ማሰሪያው በእጃችሁ ካለ ፈትታችሁ ልታስሮጡት ትችላላችሁ። ካምፑ ውስጥና ወደ አሸዋው በሚወስደው የፓርኩ መንገድ ላይ ግን ከ6 ጫማ በማይበልጥ ገመድ መታሰር አለበት። «በድምፅ የሚታዘዝ» ሲባል ሲጠሩት የሚመጣ ማለት ነው፤ ዞር ብሎ አይቷችሁ ሩጫውን የሚቀጥለው አይቆጠርም።

አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ የእናንተንም ጉዞ ይነካል። ስኖዊ ፕሎቨር የምትባል ትንሽ ወፍ እንቁላሏን ደረቅ አሸዋ ላይ ስለምትጥል፣ ከማርች 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ እርሷ የምትፈለፍልባቸው ቦታዎች ለውሻ የተከለከሉ ናቸው፤ የታሰረም ቢሆን። ከፍሎረንስ በስተ ደቡብ በሲልትኩስ አካባቢ፣ ከባንደን በስተ ደቡብም እንደዚህ ያሉ ቦታዎች አሉ። ምልክቶቹ በግልጽ ተተክለዋልና አንብቧቸው።

አሁን ወደ ማደሪያዎቹ። ከሰሜን ስትመጡ የመጀመሪያው ፎርት ስቲቨንስ ነው፤ ከአስቶሪያ አጠገብ፣ ኮሎምቢያ ወንዝ ከውቅያኖሱ በሚገናኝበት። በጣም ሰፊ ካምፕ ስለሆነ ቦታ የማግኘት ዕድላችሁ ከሌላው ይሻላል፤ ሙሉ መስመር (ኤሌክትሪክ፣ ውሃና የፍሳሽ ማስወገጃ) ያላቸው ቦታዎችም ብዙ ናቸው። ልጆቹን እ.ኤ.አ. በ1906 አሸዋው ላይ ተጥሎ የቀረውን የፒተር አየርዴል መርከብ የብረት አጽም አሳዩአቸው። ነገር ግን እዚያ መኪና አሸዋው ላይ መንዳት ይፈቀዳል፤ ስለዚህ ውሾቹን ስትፈቱ ግራ ቀኙን ተመልከቱ። እኛ እዚያ አንፈታም።

እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ የማድረው ኬፕ ሉክአውት ነው። ዛፍ ስላለ ነፋሱ ጋብ ይላል፣ አሸዋውም ከካምፑ ደጃፍ ይጀምራል፤ በማለዳ ቡና ሳይፈላ ውሾቹን አስሩጦ መመለስ ይቻላል። ኒሄለም ቤይም መልካም ነው፤ በውቅያኖሱና በባሕረ ሰላጤው መካከል ያለ ጠባብ የአሸዋ መሬት ስለሆነ በአንዱ በኩል ነፋሱ ቢከፋ ወደ ሌላው ትሻገራላችሁ። ኒውፖርት ላይ ሳውዝ ቢች አለ፤ ለአርቪ ምቹ ነው፣ ከአሸዋ ክምሩ ጀርባ ስለሆነም ነፋሱ አያንገላታም።

ስሙ ወይም ፎቶው የሚያታልላችሁም አለ። ፍሎረንስ አጠገብ ያለው ሃኒማን እጅግ ውብ ነው፤ ሐይቆችና ተራራ የሚያካክሉ የአሸዋ ክምሮች አሉት፤ ውቅያኖሱ ግን ከአሸዋው ማዶ ርቆ ነው። ቡላርድስ ቢች በስሙ «ቢች» ቢባልም ከካምፑ እስከ ውሃው ድረስ አንድ ማይል ገደማ መራመድ አለባችሁ። ለወጣት ውሻ ደስታ ነው፤ ላረጀ ውሻ ግን ይከብዳል። እስከ ካሊፎርኒያ ድንበር የምትወርዱ ከሆነ ብሩኪንግስ ያለው ሃሪስ ቢች መቋጫ ይሁናችሁ፤ ከውሃው የሚወጡት ቋጥኞች ብቻቸውን መንገዱን ያስረሳሉ።

እነዚህ የኦሪገን ግዛት ፓርኮች ናቸው፤ ቦታቸው እስከ 6 ወር ቀደም ብሎ ይያዛል። ስለዚህ የኦገስት ቦታ ገበያው የሚከፈተው በፌብሩዋሪ ነው፤ ውሃ ዳር ያሉት ቶሎ ያልቃሉ። ዘግይታችሁ ከሆነ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያሉትን ሌሊቶች ፈልጉ፣ የሚሰረዙትንም ጠዋት ጠዋት ተመልከቱ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የካውንቲና የደን አስተዳደር ካምፖችን ነው። ቲላሙክ ካውንቲ ውስጥ ባርቪው ጄቲ አለ፤ በዋልድፖርትና በያሃትስ መካከል ደግሞ ቲሊከም ቢች አለ፣ ከዳርቻው ጠርዝ ላይ የተቀመጠ። እንዲሁም ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ፦ ካምፑ ለእድሳት አለመዘጋቱንና የያዛችሁት ቦታ የአርቪያችሁን ርዝመት መቻሉን። አከራዩንም ስለ ውሾቹ በጽሑፍ አስፈቅዱ፤ እኛን አንድ አከራይ በስልክ «ችግር የለም» ብሎ ሲያበቃ ስንመልስለት የጽዳት ክፍያ ቆለለብን።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የውሾቹ ደኅንነት ነው። በዚህ አካባቢ ውሻ ጥሬ ሳልሞን ወይም ትራውት ከበላ ሊሞት ይችላል። ዓሣው ውስጥ ያለ ጥገኛ ትል ውሻን ክፉኛ የሚያሳምም ባክቴሪያ ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ገደማ ውስጥ ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የምግብ ፍላጎት ማጣት ይመጣል። ቶሎ ከተደረሰበት በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይድናል፤ ካልታከመ ግን አብዛኞቹ አይተርፉም። ኦገስት ደግሞ የሳልሞን አጥማጆች ኮሎምቢያ ወንዝ አፍ ላይ የሚሰበሰቡበት ወቅት ነው። የተጣለ የዓሣ ጭንቅላትና አንጀት አታጡም፤ ለውሻም ከዚያ የሚጣፍጥ ነገር የለም። የእኛው ቡቺ አንድ ቀን ጭንቅላት ነክሶ ሲሮጥ ባለቤቴ ከአፉ ያስጣለችበትን ፍጥነት እኔ በወጣትነቴም አልነበረኝም። ወደ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ውሻው ቢታመም ለእንስሳት ሐኪሙ ኦሪገን ዳርቻ እንደነበራችሁ ንገሩት።

በሐይቆቹ ላይ በበጋ መርዛማ አልጌ ይበቅላል፤ ውሃው አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት ከመሰለ ውሻው አይጠጣ፣ አይዋኝም። ውቅያኖሱም የዋህ አይደለም። በበጋም ቢሆን ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚቀዘቅዝ ውሃ ነው፤ ሳይታሰብ ከሌላው አልፎ የሚመጣ ማዕበልም አለ። ውሻው ቢወሰድ ተከትላችሁ አትግቡ፤ ውሻው ብዙውን ጊዜ በራሱ ይወጣል፣ ሰው ግን ላይወጣ ይችላል። አሸዋ ላይ የተኛ የሲል (seal የሚባለው የባሕር እንስሳ) ግልገል ካያችሁም ውሾቹን አስራችሁ ራቁ፤ ብቻውን ቢሆንም እናቱ ምግብ ፍለጋ ሄዳ ሊሆን ይችላል።

ዳርቻው ቀዝቃዛ ስለሆነ ውሾቹ ሙቀት አይፈራባቸውም። የሚያሰጋው በፖርትላንድ በኩል በምትመለሱበት ቀን ነው፤ ውስጠኛው ምድር በኦገስት ይግላል። ለምሳ ስትወርዱ አየር ማቀዝቀዣው ይሠራል ብላችሁ ውሾቹን ዘግታችሁባቸው አትሂዱ፤ ጄነሬተሩ ከጠፋ የአርቪው ውስጥ በደቂቃዎች ይጋላል። በተራ ብሉ።

ስለ ምግብ ካነሣን፣ ወጥ ይዛችሁ መሄዳችሁ አይቀርም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው፤ የበሰለ የዶሮ አጥንትም አንጀት ይበሳል። ልጆቹ ትርፍራፊ እንዳይወረውሩላቸው ከመነሣታችሁ በፊት ንገሯቸው። ለአያቶች ማስረዳቱ ግን ይከብዳል፤ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን የሄደች ጊዜ፣ ውሻ ሰው የሚተኛበት መኪና ውስጥ ማደሩን ሳትቀበል «እርሱ እንኳ ቢጠግብ» እያለች በስውር ታጎርሰው ነበር።

የአርቪያችሁን ርዝመት፣ የምትነሡበትን ቀንና ከውሾቹ ያረጀ ካለ ጻፉልኝ፤ በየትኞቹ ካምፖች ብታድሩ እንደሚሻል በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።