የ11ኛ ክፍል ምርጫ ደርሷል፣ ያልገባችሁን ጠይቁኝ (ደሴና ኮምቦልቻ)

ሰላም ቤተሰብ፣ ደሴ ውስጥ ሃይስኩል ተማሪዎችን ነው የማማክረው፣ ጥያቄያችሁን ጣሉ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥ፦ መምህር ናቹራል ልግባ ሶሻል? ጓደኞቼ ሁሉም ናቹራል ናቸው
መ፦ የኔ ወንድም ጓደኛ አብሮህ ይገባል እንጂ አይፈተንልህም። የ9ኛና የ10ኛ ውጤትህን አውጥተህ እይ፣ ደሞ ማንም ሳያዝህ የምታነበው የቱን ነው? ናቹራል የጎበዝ ሶሻል የሰነፍ የሚሉት ነገር ስንቱን ልጅ ያለቦታው አስገብቶብናል።

ጥ፦ ልጄ ሜዲስን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች፣ ምን ልበላት?
መ፦ እትዬ አይከልክሏት፣ ግን ሥራውን ቀረብ ብላ ትየው፣ ነርስ ዘመድ ካለ አዳር ተረኛ ሆና ስትወጣ ታዋራት። እኔ ከምክር ይልቅ የማምነው ማሳየትን ነው። አንዴ ልጆች ይዤ በዶሮ መዝለያ ወርደን ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ገባን፣ ኢንጂነር ነኝ ሲል የከረመው ልጅ ግሪሱን ሲያይ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ዝም ብላ የተከተለችን ልጅ ግን የተፈታው ሞተር አጠገብ ቁጢጥ ብላ ፒስተኑ ቀለበት ለምን አስፈለገው እያለች ሜካኒኩን አላስሰራ አለችው፣ እንሂድ ብንላት ወይ ፍንክች! ይሄን ወረቀት ላይ በሚሞላ መጠይቅ አታገኘውም።

ጥ፦ ቴክኒክና ሙያ የወደቀ ሰው አይደለም የሚገባው? ቤተሰብ ያፍርብኛል
መ፦ በ2014 የ12ኛ ፈተና 50 ፐርሰንትና በላይ ያመጣው ከ100 ተፈታኝ 3 ገደማ ነበር፣ የቀረው ሁሉ ሰነፍ ነው? እዚሁ ወይዘሮ ስሂን ፖሊቴክኒክ አለ፣ ኮምቦልቻም አለ፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) እያለፍክ ሌቭል ትጨምራለህ። ብቻ ከመመዝገብህ በፊት ወርክሾፑን ግባና እይ፣ ማሽኑ ይሰራል ወይ፣ ለተግባር ልምምድ የት ነው የሚልኳችሁ ብለህ ጠይቅ።

ጥ፦ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ብመርጥስ?
መ፦ ዲፓርትመንት በአብዛኛው በፍሬሽማን (አንደኛ ዓመት) ውጤት ነው የሚደርስህ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫህን ዝም ብለህ ከሞላህ እዛው ልትመደብ ትችላለህ፣ ከ2015 ጀምሮ ደሞ መውጫ ፈተና አለ፣ የማትወደውን ተምረህ እሱን ማለፍ በጣም ይከብዳል።

ጥ፦ ትምህርት ቤታችን አማካሪ የለውም
መ፦ ይሄ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፣ ሊስተካከል ይገባል። እስከዛው ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የሰፈር ልጅ ያዝ፣ ለጤና ደሴ ግቢ፣ ለኢንጂነሪንግ ኮምቦልቻ። የትኛው ኮርስ እንዳስለቀሰው ጠይቀው፣ ከዛ የተመረቀ ሰው ፈልግና ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲሰራ እንደሚውል ይንገርህ፣ ደሞዙን መጨረሻ ላይ ጠይቅ።