ከበሮውን ዝቅ፦ ስለ ጌም ድምፅና ቮይስ ቻት ጥያቄና መልስ

ሰላም ልጆች። ዛሬ ቅዳሜ ከ9 እስከ 12 ሰዓት አለሁ። አራት ኪሎ ጌም ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምመልሰው፤ ደንበኛ ከጠራኝ ልጠፋ እችላለሁ። ለማታውቁኝ፣ ጌም ቤት ከመክፈቴ በፊት ለብዙ ዓመት የሠርግና የባንድ ድምፅ ሚክስ ሳደርግ ነበር። ስለ ድምፅ ጠይቁኝ፦ ስለ ጌሙ ድምፅም፣ እየተጫወታችሁ እርስ በርስ ስለምታወሩበት ቮይስ ቻትም። ስለ ፒንግ፣ ስለ ስኪንና ስለ ተዘጋ አካውንት አትጠይቁኝ። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ በምን እንደምትጫወቱ፣ የትኛውን ጌም፣ ጆሯችሁ ላይ ያለው ምን እንደሆነ።

የስታዲየሙ፦ ጋሼ፣ ፐብጂ ነው፣ በስልክ፣ ባለገመድ ኤርፎን። ተኩስ ሲጀመር የስኳዱ፣ የቡድኔ፣ ልጆች ድምፅ ጭራሽ ይጠፋብኛል። የቮይሱን ስፒከር መቶ አድርጌዋለሁ። ከዚህ በላይ ወዴት ልውሰደው?

መልስ፦ የትም አትውሰደው። ተባረክ፣ ጥያቄ እንዲህ ነው የሚጠየቀው።

ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት በነበረበት ጊዜ የገባችሁ ታውቁታላችሁ። ከበሮው ጠንከር ሲል ማሲንቆው ይጠፋል። ባለማሲንቆው ደክሞት አይደለም፤ ከበሮው ሸፍኖበት ነው። ወፍራም ድምፅ ሲበረታ ከሱ ቀጠን ያለውን ይውጠዋል። የሰው ጆሮ አሠራሩ ነው። ፈንጂው፣ መኪናው፣ የአውሮፕላኑ ሞተር ከበሮ ናቸው። ጓደኛህ ማሲንቆ ነው። ማሲንቆውን መቶ አድርሰኸዋል፤ ከዚያ በላይ መንገድ የለም። ስለዚህ ከበሮውን ዝቅ አድርግ።

ሠርግ ላይ ዘፋኙ "የኔን ከፍ አርግልኝ" ይለኛል። ኪቦርዱም "የኔን" ይላል። ጊታሩም። ሁሉንም ከፍ ካደረግክ ስፒከሩ ይንጫጫል እንጂ አንዱም አይለይም። እኔ ጭንቅላቴን ነቅንቄ ሌላውን ዝቅ አደርግ ነበር። ዘፋኙ ከመድረክ አውራ ጣቱን ያሳየኛል።

አሁን ወደ ሴቲንግህ ግባ፣ ኦዲዮ በል። ማስተሩን፣ ሁሉንም ድምፅ የሚይዘውን፣ አትንካው። የጌሙን ኢፌክት፣ ተኩሱንና ፈንጂውን፣ 40 አድርገው። ሙዚቃውንና የሜኑውን ድምፅ ዜሮ፤ ለማንም አይጠቅሙም። የቮይሱ ስፒከር እዚያው መቶ ላይ ይቆይ። የስልኩን ቁልፍ የምትነካው መጨረሻ ላይ ነው፣ ለጆሮህ እስኪመች። ብዙ ሰው ከቁልፉ ይጀምርና እዚያው ይጠፋል።

ከዚያ ማለማመጃው ሜዳ ግባና መሣሪያህን ሳታቋርጥ ተኩስ። ጓደኛህ ጠላት ያለበትን አቅጣጫ እንደሚነግርህ የኮምፓስ ቁጥር ይጥራልህ። "መቶ ስልሳ" እና "መቶ ሰባ" ከተለዩልህ ጨርሰሃል። ካልተለዩልህ ኢፌክቱን 35 አድርገው። አሥር ዲግሪ መሳሳት ማለት ሌላ ዛፍ ላይ መተኮስ ነው።

ፒያሳ 01፦ ድምፅ ችግር አለብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የምን ድምፅ? በምን? መግቢያውን አንብብ።

ሜክሲኮ አደባባይ፦ ፒሲ፣ ካውንተር ስትራይክ 2፣ ለማውሪያ ዲስኮርድ የሚባለው አፕ፣ ባለገመድ ሄድሴት። ዲስኮርድ ላይ ከልጆቹ ጋር ስገናኝ የጌሙ ድምፅ በራሱ ይወርዳል። ስወጣ ይመለሳል። ቫይረስ ነው?

መልስ፦ ቫይረስ አይደለም፣ ዊንዶውስ ነው። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ ስልክ እያወራህ ይመስለውና ሌላውን ድምፅ ሁሉ በ80 ፐርሰንት ይቀንስልሃል። ለቢሮ ሰው አስበው ነው የሠሩት። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሳውንድ፣ ከታች "ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ" ትላለህ። በሚከፈተው መስኮት "ኮሙኒኬሽንስ" የሚለው ውስጥ አራት ምርጫ አለ። የመጨረሻውን፣ "ዱ ናዚንግ" የሚለውን ምረጥ።

አሁንም ከወረደ ዲስኮርድ ራሱ ተመሳሳይ ነገር አለው። የቮይስ ሴቲንጉ ውስጥ "አቴንዌሽን" የሚለውን፣ ሌላውን ድምፅ የሚቀንሰውን፣ ዜሮ አድርገው።

ሌላም ልጨምር። ዲስኮርድ ላይ የአንድን ሰው ስም በቀኝ ክሊክ ብትነካ የሱን ድምፅ ለብቻው እስከ 200 ፐርሰንት ትወስደዋለህ። ብዙዎቻችሁ ይህን ስታዩ ሁሉንም 200 ታደርጋላችሁ። አታድርጉ! ከመቶ በላይ ያለው በግድ የተለጠጠ ድምፅ ነው፤ ይሰነጠቃል። የሚጮኸውን ልጅ 60 አድርገው፣ የሚያንሾካሽከውን 120። የቀረውን ከጌሙ ቀንስ። ከፍ አይደለም፣ ዝቅ።

የሜክሲኮ አደባባይ ጎረቤት፦ ጋሼ፣ ዊንዶውስ ላይ "ላውድነስ ኢኳላይዜሽን" የሚባለውን ክፈት፣ የጠላት ኮቴ ይሰማሃል አሉኝ።

መልስ፦ ይሰማሃል። ግን ትንሹን ድምፅ አሳድጎ ትልቁን ስለሚጨፈልቅ ሩቅ ያለው ኮቴና ከበር ጀርባ ያለው ኮቴ አንድ ይሆኑብሃል። በሩቁ ትደነግጣለህ፣ በቅርቡ ትሞታለህ። እኔ አልከፍተውም።

የለገሃሩ፦ ኮል ኦፍ ዲዩቲ፣ ስልክ፣ የብሉቱዝ ኤርበድ፣ ውድ ነው። ማይክ ስከፍት ጌሙ የድሮ ሬዲዮ ይሆናል።

መልስ፦ ይኸው መጣ። ብሉቱዝ ቻት ለሚያወራ ሰው አይሆንም፤ ስንት ጊዜ ልበል? የተለመደው ብሉቱዝ ሁለት መንገድ ነው ያለው። አንዱ ሙዚቃ የሚሄድበት ነው፦ ጥራቱ አሪፍ፣ ስቴሪዮ፣ ግን ማይክ የለውም። ሌላው የስልክ ጥሪ መንገድ ነው፦ ማይክ አለው፣ ድምፁ ግን ሞኖና ጠባብ። ማይኩን ስትከፍት ስልክህ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ይዘላል። ግራና ቀኝ ጠፋ ማለት ነው፤ ኮቴው ከየት እንደመጣ አታውቅም። በዚህ መንገድ ላይ የቆየው አሠራር ከድምፁ በሰከንድ 8 ሺህ ናሙና ነው የሚወስደው፣ የተሻሻለው 16 ሺህ። በ8 ሺው "ሰ" እና "ፈ" እንኳ ይምታታሉ፤ የ"ሰ" ፉጨት ያለው ያ መንገድ ከሚያሳልፈው በላይ ነው። አዲሱ የብሉቱዝ ዓይነት፣ ኤልኢ ኦዲዮ፣ ይህን ያስተካክላል፣ ስልኩም ኤርበዱም ሁለቱም ካላቸው ብቻ። ባለገመድ ግዛ።

የለገሃሩ፦ የኔ ግን ውድ ነው እያልኩህ ነው ጋሼ። ሙዚቃ ላይ አንደኛ ነው።

የስታዲየሙ፦ ሃሃ፣ ትናንት "ሰባ" ስልህ "ስልሳ" ብለህ ግድግዳ ስትተኩስ የነበርከው በዚሁ ውድ ኤርበድ ነው አይደል?

የለገሃሩ፦ አንተ ነህ አፍህ ውስጥ በቆሎ ይዘህ የምታወራው። በዚያ ላይ እኔ ወድቄ ሪቫይቭ ሳታደርገኝ፣ ሳታነሳኝ፣ ሉት ልትለቅም፣ ዕቃ ልትሰበስብ፣ ሄድክ።

የስታዲየሙ፦ ጢስ ቦምብ የለኝም ብያለሁ!

ፒያሳ 01፦ እኔ ቪዲዮ አለኝ፣ ጢስ ቦምብ ነበረው። ሁለት።

መልስ፦ ይህን ማኪያቶ ላይ ጨርሱት። ቀጥሎ።

አንዲት እናት፦ እኔ ተጫዋች አይደለሁም። ልጄ ግን ማታ ማታ ሄድፎን አድርጎ እንደ እረኛ ይጮሃል። ጎረቤት አፈርኩ። ዝቅ በል ስለው "አልጮህኩም" ይላል።

መልስ፦ እሜቴ፣ ልጅዎ አልዋሸም። እንደሚጮህ አያውቀውም። ጆሮው በሄድፎን ተደፍኗል፣ ውስጡ ጦርነት አለ። ሰው በጫጫታ መሃል ሳያስበው ድምፁን ያነሳል። ኤትየን ሎምባርድ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ይህን አስተውሎ በ1911 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ በሱ ስም ይጠራል። ሠርግ ቤት ከስፒከሩ አጠገብ የተቀመጡ ሰዎች እንዴት እንደሚያወሩ አይተው የለ? ያው ነው።

መድኃኒቱ ቁጣ አይደለም። አንደኛ፣ የጌሙን ድምፅ ይቀንስ፤ የውስጡ ጦርነት ሲበርድ የሱም ጩኸት ይበርዳል። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ሄድሴት የራስን ድምፅ ወደ ጆሮ የሚመልስ ሴቲንግ አለው፣ "ሳይድቶን" ይባላል፤ ካለው ይክፈተው። ከሌለው አንዱን ጆሮ ገለጥ አድርጎ ይጫወት። እኔ ጋ የሚመጡትን እንዲህ ነው የማደርጋቸው። ልጁን አይምቱብኝ።

የሽሮ ሜዳው እንግዳ፦ ፐብጂ፣ ስልክ። ተኩስ ሲኖር የልጆቹ ድምፅ አይሰማኝም፣ ስፒከሩ መቶ ነው።

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ይላል? አሁን እንደ አዲስ ልጻፈው? ከበሮውን ዝቅ!

የጊዮርጊስ ልጅ፦ ፍሪ ፋየር፣ አንድሮይድ፣ ባለገመድ ኤርፎን። ማይክ ስከፍት ቮሊውሜ ይቀየራል።

መልስ፦ ስልክህ የሚዲያና የጥሪ ቮሊውም ለየብቻ ነው የሚይዘው። ማይክ ሲከፈት ጥሪ ነው ብሎ ወደ ጥሪው ሊዞር ይችላል። ማይኩ ተከፍቶ እያለ ቁልፉን ተጭነህ አስተካክል። ማይኩን ዘግተህ ብታስተካክል የነካኸው ሌላውን ነው።

አንድ ሰው፦ ፕሌይስቴሽን 5 ላይስ?

መልስ፦ የፒኤስ ቁልፉን አንዴ ንካ፣ ከታች ከሚመጡት ምልክቶች የድምፁ ውስጥ ግባ፣ ጌምና ቻትን የሚያመዛዝን ተንሸራታች አለ። ወደ ቻት ትንሽ ግፋው። አለቀ።

የአምባሳደሩ፦ የትኛውን ሄድሴት ልግዛ?

መልስ፦ ብራንድ አልጠራም፣ ነጋዴ ይጣላኛል። ጆሮን ደፍኖ የሚይዝ ይሁን። ውጪው ጫጫታ ካልገባ ቮሊውም ማንሳት አያስፈልግህም። እኔ ጋ ያሉት ስፖንጃቸው ካለቀ ቆይቷል፤ ያረጀ ካልሲ ቆርጬ አልብሼያቸዋለሁ፣ ይሠራሉ። ገመዱ ላይ ያለውን የድምፅ መዘውር ደግሞ ልጆቹ እየነካኩ "ጋሼ ተበላሸ" ይሉኛል። በኮሬክተር ነጭ ነጥብ አደረግኩበት። ነጥቡ ከቦታው ከወጣ መዘውሩ ተነክቷል ማለት ነው፣ አትጥሩኝ።

የካቴድራሉ፦ ዲስኮርድ ፓኬጄን ይበላዋል? በስልክ ዳታ ነው የምጫወተው።

መልስ፦ የዲስኮርድ ማውሪያ ክፍል ሲፈጠር ያለው የድምፅ ጥራት በሰከንድ 64 ኪሎቢት ነው። አንድ ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያርፍ ቢለፈልፍ ወደ 29 ሜጋባይት። ዝም ያለ ሰው ይህን ያህል አይበላም። ወሬኛ ስኳድ ካለህ አስብበት።

ስሙን ያልጻፈ፦ ፒንጌ 200 ነው...

መልስ፦ ቀጥሎ።

የእሪ በከንቱዋ፦ ጋሼ፣ የራሴን ድምፅ ከሰከንድ በኋላ መልሼ እሰማዋለሁ። ኤርፎኔ ነው?

መልስ፦ ያንቺ አይደለም እህቴ። ከልጆቹ አንዱ ያለ ኤርፎን፣ ስልኩን ክፍት ስፒከር አድርጎ ይጫወታል። ያንቺ ድምፅ ከስፒከሩ ወጥቶ በማይኩ ይገባል። አንድ በአንድ ሚውት አድርጊያቸው፤ ሲጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ።

የስድስት ኪሎው፦ ከተጫወትኩ በኋላ ጆሮዬ ውስጥ ሲ...ሲ...ሲ... ይላል። ሲነጋ ይጠፋል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ይህን ቀልድ አታድርገው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ 80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ይላል። 90 ከደረሰ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። አንተ አንድ ቅዳሜ ላይ ትጨርሰዋለህ። ባንድ ስሠራ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ዓመታት ከስፒከር ፊት ቆሜያለሁ፤ ዛሬ በቀኝ ጆሮዬ ስልክ አላነሳም። ለጥቂት ቀን ሄድፎኑን አስቀምጥ። ከቀጠለ የጆሮ ሐኪም ጋ ሂድ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ስትመለስ ደግሞ ጌሙን ዝቅ አድርገህ ጀምር።

የለገሃሩ፦ ጋሼ፣ የታናሼን ባለገመድ ኤርፎን ሰርቄ ሞከርኩት። ስልሳና ሰባ ይለያል። ግን ገመዱ አጭር ነው፣ ቻርጀር ስሰካ አንገቴ ይጎተታል።

የስታዲየሙ፦ ብዬ ነበር።

መልስ፦ ማራዘሚያ ግዛ። ስትገዛ ጫፉን እይ፤ ሦስት ጥቁር ቀለበት ያለውን ነው የምትፈልገው። ሁለት ቀለበት ያለው ድምፅ ያመጣልሃል እንጂ ማይኩን አያሳልፍም። ከዚያ መጥተህ "ጋሼ ማይኬ አይሠራም" እንዳትለኝ።