የጎልማሶች ሞት ጨመረ ወይስ ጎልማሶቹ አረጁ? ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት በአሜሪካ የነጭ ጎልማሶች ሞት ጨመረ የሚለውን ዝነኛ ግራፍ አንስቼ፣ «ከማመናችሁ በፊት ዕድሜውን ጠይቁት» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ሥራዬ የሞት መዝገብ መቁጠር ነው። ደስ የሚል ሙያ ነው አልልም፤ ግን ለምጄዋለሁ። እስቲ የቻልኩትን ያህል ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥ፦ ጋሼ፣ ሕፃንም ይሞታል፣ ሽማግሌም ይሞታል። ጎልማሳውን ለይቶ መቁጠር ለምን አስፈለገ?

መ፦ ሽማግሌ ሲሞት ሐዘን ነው እንጂ እንቆቅልሽ አይደለም። የሕፃናት ሞት ደግሞ በአብዛኛው የክትባት፣ የንጹሕ ውኃና የወሊድ አገልግሎት ነገር ነው። ጎልማሳው ግን የልጅነት በሽታን አልፏል፤ እርጅናውም ገና ነው። እሱ በብዛት መሞት ከጀመረ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። መጠጥ ሊሆን ይችላል፣ ዕፅ፣ ወረርሽኝ፣ ወይም የኑሮ መናጋት። ሩሲያን ተመልከት። በ1987 የወንዶች አማካይ የሕይወት ዘመን ወደ 65 ዓመት ነበር። በ1994 ከ58 በታች ወረደ። ሰባት ዓመት ብቻ ነው የፈጀው! ይህን ቁጥር ወደ ታች የጎተቱት በዋናነት ለሥራ የደረሱ ወንዶች ናቸው።

ጥ፦ ዘንድሮ የሞቱትን ቆጥሮ ከአምናው ጋር ማስተያየት አይበቃም?

መ፦ አይበቃም። ሕዝቡ ካደገ ሟቹም ይበዛል። ስለዚህ ሟቾቹን በዚያ ዕድሜ ላይ ላለው ሕዝብ አካፍለን «ከ100,000 ሰው ይህን ያህል» እንላለን። የሞት ምጣኔ የሚባለው እሱ ነው። ሁሉም የሚጨቃጨቀው ስለ ላዕሉ ነው፤ ስለ ሟቾቹ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ታህቱ ነው፤ የሚካፈልበት የሕዝብ ቁጥር። ሟች በስም ይመዘገባል። በሕይወት ያለው ጎልማሳ ግን የሚታወቀው በቆጠራ ነው፤ በሁለት ቆጠራዎች መካከል ያለው ሁሉ ግምት ነው። ከአካባቢው የወጣ ሰው ካልተቀነሰ፣ የገባ ካልተደመረ፣ ማንም ሳይሞት ምጣኔው ይንቀሳቀሳል።

ጥ፦ የአሜሪካው ግራፍ ምን ነበር የሚለው? ያመለጠን አለን።

መ፦ አን ኬስና አንገስ ዲተን የተባሉ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ምሁራን በ2015 ያወጡት ጥናት ነው። ባልና ሚስት ናቸው። ዲተን በዚያው ሰሞን በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልሞ ነበርና ወሬው በአንድ ጀንበር ተዳረሰ። ከ45 እስከ 54 ዓመት ያሉ፣ ሂስፓኒክ (የዘር ሐረጋቸው ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሚመዘዝ) ያልሆኑ ነጮች ሞት በ1999 ከ100,000 ሰው 381.5 ነበር። በ2013 ደግሞ 415.4 ሆነ። በእነዚያው ዓመታት በፈረንሳይ፣ በጀርመን፣ በብሪታንያ፣ በካናዳና በስዊድን የዚሁ ዕድሜ ሞት በየዓመቱ በ2 በመቶ ገደማ እየቀነሰ ነበር። እዚያው አሜሪካ ውስጥ የጥቁሮቹም ቀንሷል፤ ያም ሆኖ 581.9 ላይ ነበር፣ ከነጮቹ በብዙ ይበልጣል። ይህቺን ብዙ ጋዜጣ ዘሏታል። ለነጮቹ ሞት መጨመር የተጠቀሱት ምክንያቶች የዕፅና የአልኮል መመረዝ፣ ራስን ማጥፋትና የጉበት በሽታ ናቸው።

ጥ፦ ታዲያ ምኑ ነው ያላማረህ? ሁለቱም ጊዜ ከ45 እስከ 54 ነው የተቆጠረው፤ ዕድሜው አንድ ነው።

መ፦ አንድ አይደለም! ጥያቄው ሁሉ ያለው እዚህ ነውና ትንሽ ታገሠኝ።

ከ45 እስከ 54 ማለት ባለ አሥር መደዳ አውቶቡስ ነው በል። በየዓመቱ ከፊት 55 የሞላቸው ይወርዳሉ፣ ከኋላ 45 የሞላቸው ይገባሉ። በ1999 ተሳፍረው ከነበሩት በ2013 አንድም ሰው የለም። ስለዚህ «የእነዚህ ሰዎች ሞት ጨመረ» ማለት ከመነሻው ትክክል አይደለም፤ ሌሎች ሰዎች ናቸው።

ቀጥሎ፣ መደዳዎቹ እኩል አይሞሉም። አሜሪካ ውስጥ ከ1946 እስከ 1964 ልጅ እንደ ጉድ ተወለደ። በ1999 የዚህ ትውልድ ታላላቆች ገና 53 ዓመታቸው ስለነበር ጭነቱ ወደ 45 ያዘነብል ነበር። በ2013 የትውልዱ ታናናሾች 49 ሞላቸው፤ ከኋላቸው የገቡት ቁጥራቸው አነስ ይላል። ጭነቱ ወደ 54 ዞረ። የ54 ዓመት ሰው ደግሞ ከ45 ዓመት ሰው ይልቅ ለሞት የቀረበ ነው።

በቁጥር ላሳይህ። ቁጥሮቹ የራሴ ፈጠራ ናቸው፣ ለማስረዳት ብቻ። አንድ ክልል 100,000 ጎልማሶች አሉት። ድሮ 60,000ዎቹ ከ50 በታች፣ 40,000ዎቹ ከ50 በላይ ነበሩ። የታናናሾቹ ሞት ከ100,000 ሰው 300፣ የታላላቆቹ 500 ነው። ስንደምር 180 እና 200፣ በጠቅላላው 380 ሰው ሞተ። አሁን ብዛቱ ተገለበጠ፤ 40,000 ታናናሽ፣ 60,000 ታላላቅ። ምጣኔው በሁለቱም ወገን ወርዷል፤ 290 እና 480 ሆኗል። ደምር፦ 116 እና 288፣ በጠቅላላው 404። አየህ? በየትኛውም ዕድሜ ያለ ሰው ከድሮው በተሻለ ይኖራል፤ ጋዜጣው ግን «የጎልማሶች ሞት አሻቀበ» ብሎ ይጽፋል፤ ቁጥሩም አልዋሸም።

ጥ፦ የአንድ ዓመት ሁለት ዓመት የዕድሜ ልዩነት ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

መ፦ ያመጣል። ቤንጃሚን ጎምፐርዝ የሚባል እንግሊዛዊ በ1825 ያስተዋለው ነገር ነው። ከጉልምስና በኋላ የመሞት ዕድል በየ8 እስከ 9 ዓመቱ ገደማ በእጥፍ ያድጋል። በዓመት ሲመነዘር 8 ወይም 9 በመቶ ነው። የቡድኑ አማካይ ዕድሜ በግማሽ ዓመት ብቻ ከፍ ቢል፣ ሌላ ምንም ሳይለወጥ ሞቱ በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ጥ፦ እና የነኬስ ጥናት ውድቅ ነው በለና!

መ፦ ኧረ አይደለም። አንድሩ ጌልማን የሚባል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ሊቅ ዕድሜውን አስተካክሎ ደግሞ ሠራው። ጭማሪው እስከ 2005 አካባቢ ቆየ፣ ከዚያ ወዲህ ባለበት ረጋ። ወንዶቹና ሴቶቹ ሲለዩ ደግሞ ከዚያ በኋላም የሴቶቹ ሞት መጨመሩን ቀጠለ፣ የወንዶቹ ወረደ። ስለዚህ «በየዓመቱ እያሻቀበ ነው» የሚለው ተሻሻለ። «ሌላው አገር ሲወርድ አሜሪካ አልወረደችም» የሚለው ግን እንደጸና ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ይህ ሁለተኛው ነው። የዕፁ ነገርማ ባሰበት፤ በ2021 በአሜሪካ ከመጠን ባለፈ ዕፅ የሞተው ሰው ከ100,000 በላይ ነው።

ጥ፦ በትምህርት ደረጃ ሲከፈል ያልተማሩት ላይ ጉዳቱ በርትቷል ይባላል። እውነት ነው?

መ፦ ቁጥሩ እውነት ነው። ከ1999 እስከ 2013 ትምህርታቸው ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ ነጮች ሞት ከ100,000 ሰው በ134 ጨምሯል፤ ዲግሪ ያላቸው ነጮች ሞት ደግሞ በ57 ቀንሷል። ግን እዚህም አውቶቡሱን አትርሳ። ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ሰው በየትውልዱ ስለሚበዛ ሳይማር የሚቀረው ቁጥሩ ያንሳል፤ የሚቀረውም ከድሮው ይልቅ ድህነትና ሕመም የተጫነው ይሆናል። ድሮ «ያልተማረ» ማለት ብዙኃኑ ነበር። ስሙ አንድ ነው፣ ሰዎቹ ግን ሌሎች ናቸው።

ጥ፦ የእኔ ዳታ የአንድ አነስተኛ ወረዳ ነው። አምና 25 ጎልማሳ ሞቷል፣ ዘንድሮ 32። ልደንግጥ?

መ፦ አትደንግጪ እህቴ። ሞት ሲቆጠር የዕድል መዋዠቁ የቁጥሩ ካሬ ሩት ያህል ነው። የ25 ካሬ ሩት 5 ነው። እጥፉን ያህል፣ ማለትም 10 ወደ ላይም ወደ ታችም መሄድ የተለመደ ነው። ሦስት ዓመት አንድ ላይ ደምሪና ከቀደመው ሦስት ዓመት ጋር አስተያዪ። እኔ ጀማሪ ሳለሁ እንዲህ ያለ ጭማሪ አይቼ አለቃዬ ቢሮ እየሮጥኩ ገባሁ። በዓመቱ ቁጥሩ ተመልሶ ወረደ። አለቃዬ ምንም አላለኝም፣ ግን ግራፌን ግድግዳው ላይ ሰክቶ ለወራት አላነሣውም።

ጥ፦ ዕድሜን ማስተካከል በኤክሴል ይቻላል?

መ፦ በወረቀትም ይቻላል። ለእያንዳንዱ ዕድሜ፣ ካልተቻለ ለየአምስት ዓመቱ፣ ምጣኔውን ለብቻ አውጣ። ከዚያ ለሁሉም ዓመት አንድ ዓይነት የሕዝብ ስብጥር፣ ማለትም በየዕድሜው ያለውን ሰው ድርሻ፣ ምረጥና እያንዳንዱን ምጣኔ በድርሻው አባዝተህ ደምር። የቅድሙን ምሳሌ ግማሽ በግማሽ ብናደርገው ድሮ 400፣ አሁን 385 ይመጣል። እውነተኛው አቅጣጫ ወጣ። የትኛውን ስብጥር ልምረጥ ብለህ ብዙ አትጨነቅ፤ መሃል ላይ አለመቀየሩ ነው ዋናው።

ጥ፦ የሞት ምክንያትንም በዚሁ መንገድ ማወዳደር ይቻላል?

መ፦ ይቻላል፣ ግን የሞት ምክንያት የሚመዘገብበት የኮድ መጽሐፍ የተቀየረበትን ዓመት እወቅ። አሜሪካ በ1999 ከዘጠነኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ወደ አሥረኛው ተሻግራለች። አንዳንድ በሽታ በዚያ ዓመት ድንገት ሲዘል ብታይ መጀመሪያ ኮዱን ጠርጥር።

ጥ፦ ግራፉን ከየትኛው ዓመት ልጀምር?

መ፦ ሩሲያን ከ1987 ከጀመርክ ገደል ይታይሃል። ከ1984 ከጀመርክ ገደሉ ያንሳል፤ ያኔ የወንዶቹ የሕይወት ዘመን ወደ 62 ነበርና። በመካከሉ የሶቪየት መሪው ጎርባቾቭ በ1985 መጠጥ ላይ ዘመቻ ከፍቶ ሞት ለጥቂት ዓመታት ቀንሶ ነበር። መነሻ ዓመቱን ብቻ መርጦ የፈለገውን የሚያስወራ አለ። ያለህን ዓመት ሁሉ አሳይ።

ጥ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ጥያቄዬ ከስታቲስቲክስ ወጣ ይላል። አባቴ በ52 ዓመታቸው ነው ያረፉት። እኔ 47 ሆኛለሁ። ይህን ሁሉ ሳነብ ፈራሁ።

መ፦ ነፍሳቸውን ይማር። ያ ሁሉ ጩኸት የተነሣበትን ቁጥር ተመልከት፦ 415 ከ100,000። ገልብጠህ አንብበው። በዚያ በተፈራው ዓመት 99,585ቱ ዓመቱን ጨርሰዋል። ያ አሜሪካ ነው፣ ያ ደግሞ አማካይ ነው፤ ስለ አንተ ልብና ስለ አንተ ደም ግፊት የሚያውቀው ነገር የለም። አባትህ በምን እንዳረፉ ግን ለሐኪም ንገር። እሱን እኔ ሳልሆን ሐኪሙ ነው የሚሠራበት።